ለሐዋሳው ጠያቂ፦ ከጥገና ጠረጴዛ ወደ አማካሪ ወንበር

የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦

«ጋሼ፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ዕድሜዬ 31 ሲሆን የምኖረው ሐዋሳ ነው። ኮምፒውተር ከልጅነቴ ጀምሮ እወዳለሁ፤ በ12 ዓመቴ የአጎቴን ዴስክቶፕ ፈትቼ መልሼ መግጠም አቅቶኝ ተገርፌበታለሁ። ዲግሪዬ በባዮሎጂ ነው፤ አሁን በአንድ የግል ኮሌጅ የኮምፒውተር ላቦራቶሪ ኃላፊ ነኝ። የዘመድ አዝማዱን፣ የሁለት ፋርማሲዎችንና የአንድ ፔንሲዮን ኮምፒውተር የማየው እኔ ነኝ፤ ክፍያዬ ግን አብዛኛውን ጊዜ ምስጋና ነው። በግሌ የድርጅቶች የቴክኖሎጂ አማካሪ መሆን እፈልጋለሁ። ሥራዬን ልልቀቅ? ከምን ልጀምር? ስንት ላስከፍል? ለዚህ ሥራስ ምን ዓይነት ላፕቶፕ ልግዛ?»

ወንድሜ፣ በግርፋቱ ፈገግ አልኩ። እኔ የተገረፍኩት በሬዲዮ ነበር። በግሌ መሥራት ከጀመርኩ 19 ዓመት ሆኖኛል፤ ስለዚህ ምክሬን ከመስጠቴ በፊት ያጠፋሁትን ልንገርህ፤ ያንተን ጥያቄ ከማንኛውም ነገር በላይ የሚመልሰው እሱ ነው።

በጀመርኩ በሁለተኛው ወር መርካቶ ውስጥ የግንባታ ዕቃ በጅምላ የሚሸጥ ነጋዴ አስጠራኝ። ችግሩ «መጋዘን ያለው ዕቃና መዝገብ ላይ ያለው አይገጥምም» የሚል ነበር። የእኔ ዓይን ያረፈው ግን ሌላ ነገር ላይ ነው፤ አራት ያረጁ ኮምፒውተሮች፣ ከኮርኒስ የተንጠለጠለ ኬብል፣ በፍላሽ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ የሚመላለስ ፋይል። በሦስተኛው ቀን ሰርቨር፣ ማለትም የሁሉንም ፋይል አንድ ቦታ የሚይዝ ኮምፒውተር፣ እንዲገዛና ኔትወርክ እንዲዘረጋ ጽፌ ሰጠሁት። ሰውየው አምኖኝ ገዛ። ኬብሎቹን በየጫፋቸው ቁጥር እየለጠፍኩ ስዘረጋ የነበረኝ ደስታ አሁንም ትዝ ይለኛል። ከአራት ወር በኋላ ብቅ ስል ሰርቨሩ ዳንቴል ለብሷል፤ ዳንቴሉ ላይ የቡና ሲኒዎች የተደረደሩበት ትሪ ተቀምጧል። የመጋዘኑ ዕቃ ግን ያኔም አልገጠመም።

ምክንያቱን ያገኘሁት በርጩማ ይዤ መጋዘኑ በር ላይ አንድ ሙሉ ቀን ስቀመጥ ነው። ባለቤቱ ከሱቅ ይደውልና «ሃምሳ ቆርቆሮ ስጠው» ይላል። የመጋዘኑ ሠራተኛ ይሰጣል። የወጪ ማዘዣውን የሚጽፈው ግን ማታ፣ ደንበኛው ሁሉ ከሄደ በኋላ፣ እንደ ትዝታው ነው። የእኔ ሰርቨር ያን የተሳሳተ ቁጥር በከፍተኛ ፍጥነትና በታላቅ ጥንቃቄ ያስቀምጥ ነበር። መድኃኒቱ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሞዴል 22 የሚሉት ዓይነት ባለ ሦስት ቅጂ የዕቃ ወጪ ማዘዣ ጥራዝና «ወረቀት ሳይቆረጥ ዕቃ አይወጣም» የሚል አንድ ደንብ ሆኖ ተገኘ። ዋጋው ከሰርቨሩ ኬብል ዋጋ እንኳ ያነሰ ነበር።

እንግዲህ የመጀመሪያው መልሴ ይኸው ነው። ኮምፒውተር መውደድህ ወደዚህ ሥራ ያደርስሃል፤ ከደረስክ በኋላ ግን መጀመሪያ የሚያሳስትህም እሱ ነው። ደንበኛው የሚከፍልህ ማሽኑን ስለምታውቅ አይደለም። ገንዘቡን በምን ላይ እንደሚያወጣና በምን ላይ እንደማያወጣ እንዲወስን ስለምታግዘው ነው። ስለዚህ ወደ አንድ ድርጅት ስትገባ ለመጀመሪያው ቀን ኮምፒውተሩን አትንካ። አንድ ወረቀት ምረጥ፤ ደረሰኝ ይሁን የዕቃ መጠየቂያ። ከተጻፈበት ቅጽበት ጀምሮ መሳቢያ ውስጥ እስኪገባ ድረስ ተከተለው። ማን ጻፈው፣ ማን ገለበጠው፣ የት ቆመ፣ ለምን ሁለት ጊዜ ተጻፈ? ከዚህ አንድ ወረቀት የምታገኘውን ያህል ከአሥር ስብሰባ አታገኝም።

ቀጥሎ፣ ከውጭ በመጡ የሥልጠና ቪዲዮዎች ውስጥ የማታገኘውን ላንሳ። የእኛ አገር ድርጅት የሚታመምበት የራሱ በሽታ አለው፤ ለአንተ እንጀራ የሚሆንህም እሱ ነው።

ሰዓቱን እንውሰድ። አንድ ክሊኒክ ውስጥ የመጠባበቂያ ቅጂ የሚይዘውን ፕሮግራም የሞላው ባለሙያ 2:00 ላይ እንዲሠራ አድርጎ፣ ለእንግዳ ተቀባይዋ «ሁለት ሰዓት ላይ ስለሚገለብጥ ኮምፒውተሩን እንዳታጠፊው» ብሏት ሄዷል። ልጅቷ ትእዛዝ አክባሪ ናት። በየቀኑ እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት ከሩብ ጠብቃ ታጠፋዋለች። ማሽኑ የሚያውቀው 2:00 ግን ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነው። ሰባት ወር ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ቅጂ አልተያዘም፤ ያወቅነውም ዲስኩ ከሞተ በኋላ ነው። ባለሙያው ሥራውን ያውቃል፣ ልጅቷም አልሰነፈችም፤ በመካከላቸው ያለውን የስድስት ሰዓት ልዩነት ያየ ሰው ግን አልነበረም። ከዚያ ወዲህ የትም ቦታ «ቅጂ እንይዛለን» ሲሉኝ «እስቲ የባለፈው ማክሰኞን አንድ ፋይል ከቅጂው አውጥታችሁ አሳዩኝ» እላለሁ። ብዙዎቹ ጋር ነገሩ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ሆኖ ይገኛል። ደንቡን ታውቀዋለህ፤ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከሕንፃው ውጭ። የጎደለው ግን ቅጂው እንደሚመለስ በዓይን ማየት ነው።

ቀኑም እንደዚያው ነው። የምታያቸው ፋርማሲዎች ኤክሴል ላይ እንደሚጽፉ እገምታለሁ። ሽያጩ የሚመዘገበው በእኛ ቀን ነው፤ የመድኃኒቱ ማብቂያ ጊዜ ደግሞ ካርቶኑ ላይ እንደታተመው በፈረንጆቹ ነው። ኤክሴል የእኛን ዘመን አቆጣጠር አያውቅም። ጥቅምት 30 ቀን 2016ን 30/2/2016 ብለህ ስትጽፍ «ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን የለም» ብሎ እንደ ተራ ጽሑፍ ይተወዋል። በማግስቱ ኅዳር 1ን 1/3/2016 ስትለው ግን ደስ ብሎት እንደ ቀን ይቀበለዋል። ቅንብሩ የአሜሪካ በሆነ ማሽን ላይ ጳጉሜን 5ን 5/13/2016 ብትለው ሜይ 13 ነው ይልሃል። አንድ ዓምድ ውስጥ ግማሹ ቀን፣ ግማሹ ጽሑፍ ይሆናል፤ በቀን ቅደም ተከተል ደርድረው ስትለው ጉዱ ይፈላል። ፋርማሲዎቹን እንዲህ ብለህ ጠይቃቸው፦ «በሚቀጥሉት ሦስት ወራት የሚያበቃባቸው መድኃኒቶች የትኞቹ ናቸው?» መልሱን በአምስት ደቂቃ ውስጥ ማውጣት ካልቻሉ የመጀመሪያ ሥራህን አገኘህ ማለት ነው። የሽያጩን ቀን፣ ወርና ዓመት በሦስት የተለያዩ ዓምዶች አስጽፈህ፣ ማብቂያውን በፈረንጅ ቀን ብቻ አስይዘህ፣ ቀይ የሚያበራ አንድ ቀመር ብታስገባ ለእነሱ ከአዲስ ኮምፒውተር ይበልጥባቸዋል።

ስምን ደግሞ ተመልከት። ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሐይሉ፣ ሃይሉ ለእኛ አንድ ሰው ነው፤ ለኮምፒውተሩ አራት ሰው ነው። ፀሐይና ጸሀይም እንዲሁ። አንድ የብድርና ቁጠባ ማኅበር ውስጥ አንዲት እናት በሦስት አጻጻፍ ሦስት አባል ሆነው አግኝቻቸዋለሁ፤ ቁጠባቸው በአንዱ፣ ብድራቸው በሌላው ተመዝግቧል። ስለዚህ ስም በጭራሽ መለያ አይሁን። ድርጅቱ የራሱን የደንበኛ ቁጥር ይስጥ፤ ስልክ ቁጥር በረዳትነት ይግባ። በተጨማሪ፣ ዕድሜ ያለው ድርጅት ከሆነ የድሮ ደብዳቤዎቹ በነባሮቹ የግዕዝ ፊደል ፕሮግራሞች የተጻፉ ናቸው። ፊደላችን በዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደላት ቁጥር ሰንጠረዥ፣ የራሱን ቦታ ያገኘው በ1999 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት በየቢሮው የቀጠሉት ፕሮግራሞች የሚሠሩት የእኛን ፊደል ቅርጽ በላቲን ፊደላት ቁጥር ላይ በማልበስ ነበር። ልብሱ ሲወልቅ፣ ማለትም ፊደሉ ያልተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት፣ የላቲን ዝባዝንኬ ብቻ ይቀራል፤ በፍለጋም አይገኝም። ይህን ወደ ዩኒኮድ መገልበጥ ለአንተ የሁለት ቀን ጨዋታ ነው፤ ለአንድ የሕግ ቢሮ ግን የዓመታት ማኅደር ማትረፍ ነው። የልጅነት ፍቅርህ ገንዘብ የሚሆነው እንዲህ ባለው ቦታ ነው።

አሁን ወደሚከብደው ልምጣ። «በግሌ አማካሪ» ብለሃል። በግል መሥራት ቀላል ነው፤ ንግድ ፈቃድ ማውጣት ነው። ገለልተኛ መሆን ግን ሌላ ነው፤ የምትሸጠውም እሱን ነው። ፈተናው የሚመጣው በመጀመሪያው ግዢ ነው። አዲስ አበባ መገናኛ ካሉት የኮምፒውተር መደብሮች አንዱ ውስጥ ቆመህ ለደንበኛህ ዋጋ ትጠይቃለህ። ሻጩ ፕሮፎርማውን እየጻፈ፣ ቀና ሳይል፣ «ያንተን ከላይ ልጨምርበት?» ይልሃል። ድርጅቱ ሦስት ፕሮፎርማ እንደሚጠይቅም ያውቃል፤ «የቀሩትን ሁለቱን ከጎረቤት እኔ አመጣልሃለሁ» ይልሃል፤ ማኅተማቸው ሳይደርቅ፣ ዋጋቸው በልክ ከፍ ብሎ ይመጣሉ። ሻጩን ክፉ ሰው አታድርገው፤ ለእሱ የሥራ ወግ ነው። ያን ቀን «እሺ» ካልክ ግን ደላላ ሆነሃል። ደላላነት ነውር የለበትም፣ የታወቀ ሥራ ነው፤ ራስህን አማካሪ ብለህ ግን ከሁለት ወገን መብላት አትችልም። ደንበኛህ ጥርጣሬውን አይነግርህም፤ ሁለተኛ አይጠራህም እንጂ።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ውሌ ላይ «አማካሪው ከማንኛውም ሻጭ ክፍያም ሆነ ስጦታ አይቀበልም» የሚል መስመር አለ። ሻጩ ድርሻዬን ሲያነሳ «ከዋጋው ላይ ቀንስልኝ» እላለሁ፤ የተቀነሰውንም ለደንበኛው በቁጥር እነግረዋለሁ። ይህች አንድ መስመር ካወጣኋቸው ማስታወቂያዎች ሁሉ በላይ ሥራ አምጥታልኛለች። አንተም ጥገናና ሽያጭ ጨምረህ ለመሥራት ትፈተናለህ፤ ሐዋሳን በመሰለ ከተማ ማማከር ብቻውን መጀመሪያ ላይ ላይበቃ ይችላል። ጥገናውን ያዝ፤ ዕቃ አትሽጥ።

ይህን በአንድ ምሳሌ ላሳይህ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል። ሻጮች «ሁሉንም ቀይሩ» እያሉ ነው። ፔንሲዮኑ ስድስት ኮምፒውተር አለው እንበል። ዊንዶውስ 11 ለመጫን ማሽኑ ቲፒኤም 2.0 የሚባለውን የደኅንነት ቺፕ ይፈልጋል፤ በኢንቴል በኩል ደግሞ በጥቅሉ ከስምንተኛው ትውልድ ጀምሮ ያለ ፕሮሰሰር። አንድ ከሰዓት በኋላ ተቀምጠህ ስድስቱንም ትመዘግባለህ። ሁለቱ ያልፋሉ፣ ይሻሻላሉ። የእንግዳ መቀበያው አያልፍም፤ የእንግዶች መታወቂያ ቅጂና ኢሜይል ያለበት ስለሆነ እሱ ይቀየር። የወጥ ቤቱን ትእዛዝ የሚያትመው ኮምፒውተር ከኢንተርኔት ጋር ግንኙነት የለውም፤ ባለበት ይቆይ። የሥራ አስኪያጁና የሒሳብ ሠራተኛዋ ማሽኖች ላይ በዊንዶውስ ፋንታ ነፃውን ሊኑክስ መጫን ይቻላል ወይ? የሒሳብ ፕሮግራሟ ፒችትሪ ከሆነ አይሆንም፤ ስሙ ወደ ሴጅ 50 ከተቀየረ ዓመታት ቢቆጠሩም እኛ ፒችትሪ እንደምንለው ሁሉ እሷም ከዊንዶውስ አትወጣም። ስለዚህ የእሷ ይቀየር፣ የሥራ አስኪያጁ ለመጪው ሐምሌ በጀት ይቆይ። ስድስት ሊገዛ የነበረው ሰው ሁለት ገዛ። ይህን በአንድ ገጽ፣ በአማርኛ፣ አንድም የቴክኒክ ቃል ሳታበዛ ጻፍለት። የምታስከፍለው ለዚያ ገጽ ነው።

ስንት? ብዙ ጀማሪዎች የሚሳሳቱበትን ስሌት ላሳይህ። ለቤትህና ለሥራ ወጪህ በወር 45,000 ብር ያስፈልግሃል እንበል። ወሩ 26 የሥራ ቀን አለው ብለህ ብታካፍል 1,730 ብር ገደማ ይወጣል፤ በዚህ ዋጋ ከሠራህ ትራባለህ። 26ቱን ቀን የሚከፍልህ የለምና። ግማሹ በመጠበቅ፣ «ነገ ተመለስ» በመባል፣ ፕሮፖዛል በመጻፍ፣ ክፍያ በመለማመጥ ያልቃል። አሥር ቀን ብቻ ቁጠር፤ ለቀኑ 4,500 ይሆናል፤ ግብሩና ሥራ የሚጠፋበት ወር ገና አልገቡበትም። ለደንበኛው ግን የቀን ዋጋ አትንገረው። «ያለውን ሁኔታ አጥንቼ የጽሑፍ ምክር የምሰጥበት ይህን ያህል፣ ግማሹ በቅድሚያ» በል። ግማሹን በቅድሚያ ያልከፈለ ሰው ቀሪውን በትጋት ሲከፍል አላየሁም።

እስከ ዛሬ በምስጋና የሠራህላቸውን በአንድ ጊዜ ደንበኛ ላድርግ አትበል፤ ዘመድ ይቀየማል። አክስትህ ጋ የተጨናነቀውን ማተሚያ አላቅቅ፣ ቡናህን ጠጣ። ለፋርማሲው ባለቤት ግን «እስከ አሁን የተበላሸውን ነው የጠገንኩት፤ አሁን ደግሞ ሥራችሁን ሙሉውን አይቼ በጽሑፍ ላቀርብላችሁ እፈልጋለሁ፣ ይህ የሚከፈልበት ነው» ብትለው ይገባዋል። ካልገባው ደግሞ ቀድመህ ማወቅህ ይጠቅምሃል።

ስለ ወረቀቱ ባጭሩ። ወደ ንግድ ቢሮ ስትሄድ የማማከር ፈቃድ እንደምትፈልግ በግልጽ ተናገር፤ ጥገናና ዕቃ ሽያጭ ሌላ ፈቃድ ነው፤ ለመስኩ ምን የትምህርት ማስረጃ እንደሚጠይቁም ከመመዝገብህ በፊት ጠይቅ፤ ባዮሎጂህ ጥያቄ ሊያስነሳ ይችላል። በግለሰብ ነጋዴነት መጀመር ትችላለህ፤ የ2013ቱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243፣ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁም ስለፈቀደ ያንን መንገድ ኋላ ታስብበታለህ። ደረሰኝ ከሌለህ ጠቃሚ ደንበኞች አያናግሩህም፤ ወጪያቸውን ለግብር ሰብሳቢው ማሳየት አለባቸው። ከክፍያህ ላይ ተቀናሽ ግብር ሲያስቀሩብህም አትደንግጥ፤ የቆረጡበትን ደረሰኝ ግን ሳትቀበል አትውጣ፣ ዓመቱ ሲዘጋ ትፈልገዋለህ።

አንድ ነገር ላይ ግን ጠንቀቅ በል። አሁን የምትሠራው በመተማመን ነው፤ የፋርማሲው የይለፍ ቃል ያንተ ጭንቅላት ውስጥ ነው። በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ መግባት ወንጀል ነው፤ ፈቃድህ ደግሞ የቃል ብቻ ከሆነ፣ የተጣሉ የንግድ ሸሪኮች መካከል ስትገባ ማን ፈቀደልህ ይሉሃል። በግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም የታካሚ ስምና የእንግዳ መታወቂያ እንደ ዋዛ የሚያዙ ነገሮች አይደሉም። ስለዚህ የትኛው ማሽን ውስጥ እንደምትገባ የሚገልጽ የተፈረመ ወረቀት ያዝ። የደንበኛህን ፋይል በራስህ ፍላሽ ቤትህ አትውሰድ። የይለፍ ቃሎቹን ጽፈህ፣ በታሸገ ፖስታ፣ ባለቤቱ ካዝና ውስጥ አስቀምጥ። አንተ ብትታመም ሥራቸው መቆም የለበትም። «እኔ ከሌለሁ አይሆንላቸውም» የሚለው ስሜት ደስ ይላል፤ እንደ ሰርቨሩ ዳንቴል ነው።

ሥራህን አሁን አትልቀቅ። ቅዳሜ አለህ፣ የኮሌጁ ክረምትም አለ። ከአሠሪህ ጋር የተፈራረምከው ውል የውጭ ሥራ ይከለክል እንደሆነ አንብብ። ሦስት ደንበኞች ለሁለተኛ ጊዜ ተመልሰው የከፈሉህ ቀን መልቀቅን አስብ፤ የመጀመሪያ ክፍያ ውለታ ሊሆን ይችላል፣ ሁለተኛው ግን ሥራ ነው። በትርፍ ጊዜህ ሌላ የኮምፒውተር ሰርተፍኬት ከምታሳድድ መሠረታዊ የሒሳብ አያያዝ ተማር። የሒሳብ ሠራተኛዋ «ባንኩ አልታረቀም» ስትልህ ምን ማለቷ እንደሆነ ካልገባህ የምታመጣው ሶፍትዌር ሁሉ ጠላቷ ይሆናል።

ላፕቶፑን ረስቼው ነበር። ያለህ 8 ጊጋ ራም ካለውና ባትሪው ሁለት ሰዓት ከያዘ ይበቃሃል፤ አብዛኛውን ቀን የምትከፍተው ኤክሴልና ዎርድ ነው። ባትሪው ካልያዘ ባትሪውን ብቻ ቀይር። ለመግዛት ያሰብከውን ገንዘብ ባንክ አስቀምጠው፤ ደንበኛ የሚጠፋበት የመጀመሪያው ወር ላይ ትፈልገዋለህ፤ የእኔ የመጣው በአምስተኛው ወር ነበር፣ ክረምት ላይ።